የአዳራሹ ቁልፍና 48ቱ ሰዓት



ልጆቻችን በቅርቡ አንድ አጭር ፊልም ሠርተው ለውድድር ማቅረባቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ፊልሙ 12 ደቂቃ ዘግይቶ ስለ ደረሰ ለዋናው ሽልማት ሳይታጭ ቀርቷል። ስለዚሁ በየደረጃው ብዙ ተወርቷል፤ «ልጆቹ ሰንፈው ነው» ያለም አልታጣ። እኛ ግን ነገሩን መርምረን የደረስንበትን በግልጽ መናገር ይገባናል። ትልቁ ጥፋት የማኅበራችን ኮሚቴ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ እናስረዳ። ውድድሩ የ48 ሰዓት የፊልም ፕሮጀክት ይባላል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ በምንኖርበት በዋሽንግተን ከተማ ማርክ ሩፐርትና ሊዝ ላንግስተን የጀመሩት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ዓርብ ማታ እያንዳንዱ ቡድን የፊልሙን ዓይነት በዕጣ ያወጣል፤ አስቂኝም አስፈሪም ሊደርሰው ይችላል። ከዚያም ለሁሉም ቡድኖች አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ዕቃና አንድ ዐረፍተ ነገር ይሰጣል። ሦስቱም የግድ በፊልሙ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ይኸውም ማንም አስቀድሞ ሠርቶ እንዳይመጣ ነው። ድርሰቱም፣ ልምምዱም፣ ቀረጻውም፣ ቅንብሩም እስከ እሑድ ማታ መጠናቀቅ አለበት። ፊልሙ ከ4 እስከ 7 ደቂቃ ነው። ተዋናዩም ሠራተኛውም ያለ ክፍያ በፈቃዱ ይሠራል።

ከዓርብ ማታ በፊት የሚፈቀደው ሰው ማሰባሰብ፣ መሣሪያ ማዘጋጀትና የመቅረጫ ቦታ ማስፈቀድ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰውም ቦታም የሚገኘው ከጎረቤት ነው።

ልጆቹ አዳራሹን እንድንፈቅድላቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ጽፈውልን ነበር። ደብዳቤው ከመዝገባችን ውስጥ አለ። መልስ ግን አልሰጠንም። ቅዳሜ ጧት ቁልፍ ቢፈልጉ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል፤ ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው የለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሙ። ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቢወርዱ የማሽኑ ጩኸት ድምፁን አበላሸባቸው። ወደ ደረጃው ቢወጡ «መንገድ ዘጋችሁብን» ተብለው ተነሡ። ከ48 ሰዓት ላይ የባከነ ሦስት ሰዓት ከየት ይተካል?

አንዳንዶቻችን «ይኼ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ምን ያህል ቁም ነገር አለው?» እንላለን። እስቲ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የተሰጣቸውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እዚሁ የተወለዱት ልጆች ወደ አማርኛ መልሰው ቡና አፍልታ ለምትጫወት አንዲት እናታችን ሰጧት። እሷም አንብባ «ኧረ ልጆቼ፣ ሰው እንዲህ አይልም!» አለችና ታስተካክላቸው ጀመር። አንዱን ዐረፍተ ነገር እስኪያቃኑ ስንት ጊዜ ተሳሳቱ፣ ስንት ጊዜ ሳቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ተማሩ ብለን ስንጎትታቸው የሚሸሹን እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ፊልም በሰፈር ሰው ትከሻ እንደሚቆም ደግሞ ከዚሁ ከተማ ሌላ ምስክር አለን። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» በ1993 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የሚያከፋፍልለት ትልቅ ኩባንያ አጥቶ ነበር። እሱም ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ አሳየ፤ ሕዝቡም እየተጠራራ አዳራሹን ሞላለት። ያን ጊዜ ኅብረተሰቡ «አይመለከተኝም» ቢል ኖሮ ፊልሙ ከቆርቆሮው ሳይወጣ በቀረ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ወስነናል። የአዳራሹ ቁልፍ ከእንግዲህ በሦስት ሰዎች እጅ ይሆናል። ለሚቀጥለው ውድድር አዳራሹ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ ለልጆቹ ተለቋል፤ የፈቃዱንም ወረቀት አስቀድመን ፈርመን እንሰጣለን።

ወጣቶችም ድርሻችሁን አትርሱ። የአቤቱታው ሁሉ ምክንያት ክፋት አይደለም፤ በሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው አለብን። የምትቀርጹበትን ቀን ሳምንት ሲቀረው በዚህ ሰሌዳ ለጥፉ። ደረጃና የእሳት አደጋ መውጫ አትዝጉ። በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በመተላለፊያው ላይ ድምፅ አይኑር። የማንንም ፊትና ቤት ሳታስፈቅዱ አታንሡ።

እናንተ ወላጆችና ጎረቤቶች ደግሞ፣ ወጥ ቤቱን ለአንድ ሰዓት የሚፈቅድ፣ መብራት የሚይዝ፣ ለልጆቹ ምሳ የሚያቀብል ስሙን ከዚህ ወረቀት ሥር ያስፍር። የዘገየውን ፊልም በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ እናሳያለን። መጥታችሁ እዩላቸው። ይቅርታ የምንጠይቃቸውም ያን ዕለት ነው።

ከማኅበሩ ኮሚቴ