ሪአክት 19 አላበላሸውም፣ እኛ ነን

ደቨሎፐር በተሰበሰበበት ሁሉ የማትጠፋ አንዲት ለቅሶ አለች። «ሪአክት 19 ፕሮጀክቴን አበላሸብኝ።» ባለፈው ቅዳሜ ለቡ መብራት ኃይል፣ ላፕቶፕ ይዘን የምንቀመጥባት ካፌ ውስጥ ሦስት ሰው ይህንኑ ሲል ሰማሁ። አንዱማ «ፌስቡኮች እያፈረሱ እኛን ያስጠግኑናል» ብሎ ጠረጴዛ መታ። እኔ በዚህ ለቅሶ ላይ አላለቅስም። ምክንያቴን እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የራሴን ጉድ ላውጣ።

እዚሁ ሰፈር የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። በ2014 ዓ.ም. ዕቃ የሚመዘግብና ፕሮፎርማ የሚያወጣ ሲስተም ሠራሁላቸው። አምና ደግሞ የሽያጭ ግራፍ ጨምርልኝ አሉኝ። የመረጥኩት የግራፍ ፓኬጅ ሪአክት 19 ካልሆነ አልጫንም አለ፤ የድሮዎቹ ፓኬጆች ደግሞ 19ን አናውቅም አሉ። ኤንፒኤም በቀይ ጽሑፍ ጮኸብኝ። ምን አደረግኩ? ሁላችንም የምናደርገውን። «ፎርስ» ብዬ ጫንኩት። ገጹ ተከፈተ፣ ግራፉ አማረ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ቫቱ የት ሄደ?»

ፕሮፎርማው ላይ 15 በመቶ የሚጨምረው ኮምፖነንት የታክሱን መጠን የሚያገኘው ከዲፎልት ፕሮፕስ ነበር፤ «ሌላ ቁጥር ካልተሰጠህ 0.15 ተጠቀም» የሚል መመሪያ ማለት ነው። ሪአክት 19 ግን ፈንክሽን ኮምፖነንት ላይ የተጻፈ ዲፎልት ፕሮፕስን አያነብም። ቁጥሩ ባዶ ሆነ። ባዶ ሲሆን እንኳ ድምሩ «ናን» ብሎ ራሱን ማጋለጥ ነበረበት። እኔ ብልጡ ግን ደንበኛ ፊት እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር እንዳይወጣ ብዬ «ባዶ ከሆነ ዜሮ አድርገው» የሚል ኮድ ገና ስሠራው አስገብቼ ነበር። የ400,000 ብር ዕቃ ፕሮፎርማ 60,000 ብር ቫቱ ሳይደመርበት ወጣ። ገዢው «ማኅተማችሁ ያለበት ጠቅላላ ዋጋ ይሄ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እትዬ ደንበኛ ላለማጣት ከትርፋቸው ሸፈኑት። እኔን አላስከፈሉኝም። «የድሮውን ማን ንካ አለህ?» ብቻ ነው ያሉኝ፤ ቢያስከፍሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሪአክትን ልክሰስ? ፕሮፕ ታይፕስ ከዋናው ላይብረሪ ወጥቶ ለብቻው ፓኬጅ የሆነው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2009 ነው። ሪአክት ዶም ሬንደር ጊዜው እንዳለፈበት የተነገረው መጋቢት 2014፣ ሪአክት 18 ሲወጣ ነው። ሚያዝያ 2016 የወጣው 18.3 ደግሞ ዋና ሥራው በ19 የሚቀሩትን ነገሮች በኮንሶል ላይ እያስጠነቀቀ መንገር ነበር። 19 ራሱ የመጣው ኅዳር 2017 ነው። ሰባት ወር ተሰጥቶናል። እኔ 18.3ን ዘልዬው ሄድኩ። ባልዘለውም ኖሮ አነበው ነበር ብዬ አልምልም፤ የኮንሶል ማስጠንቀቂያን እንደ ታክሲ ረዳት ጥሪ ለምደነዋል፣ የራሳችን ሰፈር ካልተጠራ አንሰማም።

በእውነት የተበደለ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ የድሮ አንጉላር ጄኤስ ሠራተኞችን ጠይቁ። መስከረም 2009 አንጉላር 2 ሲወጣ ከስሙ በቀር እንደ አዲስ የተጻፈ ነበር። ከዚያ ጋር ሲተያይ ሪአክት ርኅሩኅ ነው።

በአንድ ነገር ግን አልምራቸውም። ሬንደር ሲወገድ ገጹ ነጭ ይሆናል፣ በዚያው ደቂቃ ታውቃለህ። ዲፎልት ፕሮፕስ ግን የቀረው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ለተጠቃሚው በወጣው ገጽ ላይ አንዲት ኤረር የለችም። ያለፈውን ማስጠንቀቂያ ያላነበበ ሰው ጥፋተኛ ነው፣ እሺ፤ ቢሆንም ዕዳው የሚደርሰው ሪአክት የሚባል ነገር መኖሩን ጨርሶ ለማያውቁት ለእትዬ ነው።

«እንግዲያው የሚሠራን ነገር አለመንካት ነዋ» የሚሉ አሉ። ግማሹ ልክ ነው። ሪአክት 18 ላይ ያለ ሥራ ዛሬም ይከፈታል፣ ለፋሽን ብሎ መዝለል አያስፈልግም። ግን ኅዳር 2018 በሪአክት ሰርቨር ኮምፖነንትስ ላይ የተገለጸውን ቀዳዳ አስታውሱ። የአደጋው መጠን ከ10፣ 10 ተሰጥቶታል፤ ያለ ምንም ፓስወርድ ከሩቅ ሆኖ የሰው ሰርቨር ላይ ኮድ ማስኬድ ያስችል ነበር። ያንን የሚጠቀም የ19 ፕሮጀክት ሁሉ ሳይውል ሳያድር መታደስ ነበረበት። ሥራ አስረክበን ስልክ የማናነሳ ሰዎች፣ ያን ሳምንት ደንበኞቻችንን ማን አደሰላቸው?

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሶፍትዌርን እንደ ሶፋ እንሸጣለን። ግማሽ ቅድሚያ፣ ግማሽ ርክክብ ላይ፣ ከዚያ ቻው። ውላችን ውስጥ ስለ እድሳት አንድ መስመር የለም፤ በዋጋ ለማሸነፍ ስንል ያወጣነው እኛው ነን። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ታዲያ ሥራው በነጻ ስለሚሆንብን በችኮላ «ፎርስ» እንላለን፣ ሲበላሽ ደግሞ አሜሪካ ያሉ ሰዎችን እንረግማለን። «ክላይንት ለእድሳት አይከፍልም» ትሉኛላችሁ። እትዬ ለጄኔሬተራቸው በየጊዜው ዘይት ያስቀይራሉ፣ ሒሳቡንም ሳይጨቃጨቁ ይከፍላሉ። የሸጠላቸው ሰው ገና ሲሸጥ ስለነገራቸው ነው። እኔ አልነገርኳቸውም።

ጠረጴዛ የመታኸው ወንድሜ፣ ማታ ቤት ስትገባ ዲፎልት ፕሮፕስ የሚለውን ቃል በኮድህ ውስጥ ፈልግ። ፈንክሽን ላይ ካገኘኸው ዋጋውን ወደ ፓራሜትሩ አዛውረው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዋጋ፣ ታክስ ወይም ብዛት የሚነካ ከሆነና ቀድመህ ወደ 19 ተሻግረህ ከነበረ ግን፣ ከዚያ ወዲህ የወጡትን ወረቀቶች አንድ በአንድ በካልኩሌተር ደምራቸው። ልዩነት ካገኘህ ክላይንትህ ሳይደውል አንተ ደውል።