ያልታጠበ ዕቃ ወደ ሐይቁ ዳር አይምጣ

አፍተግር ሲነሣ የከብት ገበያ ለምን እንደሚዘጋ ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ከብዙ ቀበሌ የመጣ ከብት በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ይገናኛል፤ ማታውኑ ደግሞ በየአቅጣጫው ይበተናል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ከከብት ገበያ እጅግ የራቀ ይመስላል፤ በባሕርዩ ግን ከእርሱ አይለይም። ይኸውም በሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው የሚሰባሰቡ ዓሣ አጥማጆች የሚያደርጉት የመሣሪያ ልውውጥ ነው።

ከላባና ከክር የተሠራ ሐሰተኛ ዝንብ በቀጭን ዘንግ እየወረወሩ ትራውት የተባለውን ዓሣ ማጥመድ በብዙ አገሮች የተለመደ መዝናኛ ነው። ከስመ ጥር ሥፍራዎቹ አንዱ በአሜሪካ፣ በሞንታና ክፍለ ግዛት፣ የማዲሰን ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረው የሄብገን ሐይቅ ነው። አጥማጆች እንዲህ ባለ ሥፍራ ሲሰባሰቡ አንዱ የተረፈውን ዘንግ ያቀርባል፤ ሌላው የጠበበውን ቡት፣ ሦስተኛው መረቡን። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም የሌለው ወጣት ከዚያ ጠረጴዛ ተሟልቶ ይመለሳል። ስለዚህ ልውውጡ ይቅር አንልም።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ከሄብገን በታች ባለው የማዲሰን ወንዝ ምን እንደተገኘ እናስታውስ። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ዓሣ ቁጥር ከመቶ ዘጠና ያህል አሽቆልቁሎ ነበር፤ ምክንያቱም የመሽከርከር በሽታ ነው። የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ የትንሹን ዓሣ ልምአጥንት ስለሚያጠቃ ዓሣው ጭራውን እያሳደደ ይሽከረከራል። ዓሣው ሲሞት ስፖሩ ከጭቃ ይገባል፤ በዚያም ቱቢፌክስ የተባለ ትል ይበላዋል። ከትሉ የሚወጣው መልክ ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ ነው። እንዲያውም እስከ 1984 ድረስ ሊቃውንቱ ሁለቱን መልኮች የተለያዩ ፍጥረታት አድርገው ይመድቧቸው ነበር! ስፖሩ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በሽታው የሚዛመተው በዋናነት የታመመ ዓሣ ሲጓጓዝ ቢሆንም ጭቃ የያዘ ቡትም ሊያሻግረው ይችላል።

በዚያው ዓመት በዚያው ወንዝ ከኒውዚላንድ የመጣ፣ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ ቀንድ አውጣ ታየ። እንስቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ አንዲቷ ብቻ በቡት ማሰሪያ ተጣብቃ ብትሄድ ለአዲስ መንጋ ትበቃለች። ኒውዚላንድም በተራዋ በ2004 ዲዲሞ የተባለውን የወንዝ አልጌ በደቡብ ደሴቷ አገኘች። በ2008 ከፌልት፣ ማለትም ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራ የቡት ሶል ለአጥማጆች የተከለከለው በዚሁ ሳቢያ ነው፤ ፌልት ውሃ ይዞ ቶሎ አይደርቅምና።

እያንዳንዱ አጥማጅ ለራሱ ይጠንቀቅ የሚሉ አሉ። ይህ ለገዛ ቡቱ ባለቤት ይሠራ ይሆናል፤ ቡቱ ባለፈው ሳምንት የት እንደዋለ ያውቃልና። በልውውጥ ጠረጴዛ ላይ ግን ዕቃው እጅ ሲለውጥ ታሪኩ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ሠላሳ ሰው ዕቃ ቢለዋወጥ የሠላሳ ውሃ ርጥበት በአንድ ቀትር ተደባልቆ ወደ ሠላሳ ሌላ ውሃ ይሄዳል። ስለዚህ ኃላፊነቱ በእኛ እምነት የአዘጋጁ ነው። አዘጋጁ ቀኑንና የድንኳኑን ቦታ ከመወሰኑ ጋር አብሮ ዕቃ ታጥቦና ደርቆ እንዲመጣ በጥሪው ላይ ይጻፍ፤ ፌልት ያለበትን ቡት አይቀበል። የማጠቢያው ቦታ እጣቢው ወደ ሐይቁ ከማይወርድበት ሜዳ ይሁን። ለዲዲሞ አምስት ከመቶ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ያለበት ውሃ ይበቃል፤ በቀንድ አውጣው ላይ ግን ሳሙና አስተማማኝ አይደለም፤ ዕቃውን ሌሊቱን በማቀዝቀዣ አድርቆ ማሳደር ይሻላል። እዚህ ላይ ሳይንስ የተማረ አንድ ወጣት ከአሥር የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ለሚመስለው አንባቢ ሁለት ነገር እናስታውሰው። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ በጣና ሐይቅ መኖሩ የተገለጸው በ2011 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዳርቻው ገበሬ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ትራውትም ቢሆን በአገራችን አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ዘር እስከ ዛሬ ይጠመዳል። በኮሎራዶ የሚኖር ወገናችን ለዕረፍት ሲመጣ ዘንጉንና ቡቱን በሻንጣው ይዞ ወደ ባሌ ቢወጣ ደስ ይለናል። የመሽከርከር በሽታ በኮሎራዶም አለና ቡቱን አጥቦ፣ አድርቆ ይምጣ፤ ከቻለም ሶሉ ጎማ የሆነውን ይምረጥ።