ስልክ መደወል ያቃተው ሬዲዮ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ድምፃችንን በሰላም አሰምተን፣ ጠጠር እንኳ ሳንወረውር ወደየቤታችን ገባን። ማታ ሬዲዮ ስንከፍት አንድ የከተማችን ኤፍኤም ጣቢያ «ጥቂት አክራሪዎች ሊፈጥሩት የነበረው ሁከት ከሸፈ» ይላል። ከኢማሙም ሆነ ከሰጋጁ ያነጋገሩት ሰው የለም። ስሙ ያልተጠቀሰ «ነዋሪ» አስተያየት ሰጠ፤ ወዲያው የአውሮፓ ኳስ ውጤት ቀጠለ።

ይህን ለምደነዋል። የሚያሳስበንም መልመዳችን ነው።

ከተማ ያለ ወጣት ያልጣመውን ጣቢያ ቀይሮ ሌላ ይሰማል። በየገጠሩ ላሉ አባቶቻችንና እናቶቻችን ግን ሬዲዮ ማለት ዜና ማለት ነው። ልጁ የታሰረበት አባት፣ ፍርድ ሳይሰጥ ልጁ «አሸባሪ» ሲባል የሚሰማው ከዚያችው ሬዲዮ ነው። ለዘመናት ቡና አብሮ የጠጣ ክርስቲያን ጎረቤቱም ያንኑ ይሰማል። በማግስቱ ቡና ሲጠሩት ቢያመነታ ጥፋቱ የማን ነው?

አገራችን ለሬዲዮ ጥንቃቄ እንግዳ አይደለችም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰሙ ሰዎች ድምፁን እስከ ዛሬ ያነሱታል። ያኔም ሬዲዮው የመንግሥት እንደነበር አንክድም። ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠው ሰው ግን የሚያነበውን አጥንቶ፣ አድማጩን አክብሮ ነበር። ዛሬ የአየር ሰዓት ይሸጣል፤ የገዛው አዘጋጅ ስፖንሰር ፍለጋ ይሯሯጣል፤ ከቢሮ የተላከ መግለጫ እንደወረደ ይነበባል። ዒድ አል-ፊጥርን ከዒድ አል-አድሓ የሚያምታታ አቅራቢ ስለ መጅሊስ ምርጫ ሊያስረዳን ይሞክራል።

እኛ የምንጠይቀው ውዳሴ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። በ2013 እስኪሻር ድረስ የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533/1999ም ዜና ትክክለኛና ሚዛናዊ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ታዲያ በጥር 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት በተያዘ ኮሚቴዎቻችን ላይ በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲለቀቅ ሚዛኑ የት ነበር? አንድ ጊዜ እንዲህ ከታለፈ የሰፈሩ ሬዲዮ ለምን ይጠነቀቃል?

ጥያቄያችን ሦስት ነው። ስለ እኛ ከመናገራችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁን። ስትሳሳቱ ስህተቱን ባሰማችሁበት ሰዓት አርሙ። ፍርድ ቤት ያልፈረደውን እናንተ አትፍረዱ። ሦስቱም ከአንድ የስልክ ጥሪና ከትንሽ ትዕግስት በላይ ወጪ የላቸውም።

ይህ ሚዛን በእኛም ላይ ይሠራል። አላህ በሱረቱል ሑጁራት፣ በ6ኛው አንቀጽ፣ ወሬ ይዞ የመጣን አመፀኛ ሳናጣራ ተቀብለን ሰው እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት አስጠንቅቆናል። ትእዛዙ የመጣው ለሬዲዮ ጣቢያ ሳይሆን ለእኛ ለአማኞች ነው። ስለዚህ «እዚህ ቦታ ሰው ሞተ» የሚል የሞባይል መልእክት ሲደርሰን ሳናጣራ ለሌላ ካስተላለፍን፣ ጣቢያውን የመውቀስ ሞራል ከየት እናመጣለን?

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሐሰት ስትሰሙ ሬዲዮውን ዘግታችሁ አትብሰልሰሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል መዝግቡ። ለጣቢያው ደውሉ፤ በጨዋ አንደበት ማረሚያ ጠይቁ። ስድብ ከተናገራችሁ የሚተላለፈው ስድባችሁ ብቻ ነው። ለክርስቲያን ጎረቤታችሁም ቡና አፍሉና ያያችሁትን ንገሩት። ሬዲዮው ሊደውልልን ባይፈልግ እንኳ፣ የጎረቤታችን በር እስካሁን አልተዘጋብንም።

ሰላማዊ ትግላችን በአላህ ፈቃድ ይቀጥላል!

ድምፃችን ይሰማ!

አላሁ አክበር!