የሚንገዋለለው ፑሊ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

አንድ አያት ለዓምዳችን ጥያቄ ልከዋል። የናፍጣ ፒክአፓቸው ሞተር ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ፑሊ መንገዋለል ጀምሯል። መካኒኩ "አባባ፣ ግድ የለም፣ በብየዳ ነጥብ ነጥብ አድርገን እናስረዋለን" ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ለፋሲካ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ሊሄዱ ነው። "ላስበይደው ወይስ ልቀይረው?" ይላሉ።

መልሳችን አጭር ነው፤ አባባ፣ ይቀየር። ፒክአፕ ያለው ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንየው።

ይህ ፑሊ ከውጭ ሲያዩት አንድ ወጥ ብረት ይመስላል፤ ግን አይደለም። መሐሉ ላይ ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ማለትም ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚታሰር እምብርት አለው። ዙሪያውን ከባድ የብረት ቀለበት አለ። በሁለቱ መካከል ላስቲክ ገብቷል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ናፍጣው በሲሊንደሮቹ ውስጥ 4,000 ጊዜ ይቀጣጠላል። እያንዳንዱ ምት ዘንጉን በጥቂቱ ይጠመዝዘዋል፤ ዘንጉም መልሶ ይፈታል። ላስቲኩና ከባዱ ቀለበት ይህን መንቀጥቀጥ ያበርዱታል። ሲበየድ ግን ላስቲኩ ይቃጠላል፣ ፑሊውም እውነትም አንድ ወጥ ብረት ይሆናል። መንቀጥቀጡን የሚያበርድለት ያጣ ዘንግ ደግሞ ውሎ አድሮ ሊሰነጠቅ፣ ሊሰበርም ይችላል። ያኔ ወጪው የፑሊ ሳይሆን የሞተር ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ላስቲኩ የለቀቀ ፑሊ ቺንጋውን ሊጥለው ወይም ሊበጥሰው ይችላል። ቺንጋው ሲሄድ ዲናሞው ባትሪ መሙላት ያቆማል። የውሃ ፓምፑም በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ይግላል። በብዙ የናፍጣ ፒክአፖች ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ የተገጠመው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞው ሲቆም ፓምፑም ይቆማል። የተጠራቀመው ቫኪዩም ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲረገጥ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይህ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከኋላ ልጆች ተቀምጠው ቢደርስስ? (ከደረሰ ፍሬኑን ደጋግመው አይርገጡ። ማርሽ ይቀንሱ፣ በሙሉ ኃይል አንድ ጊዜ ረግጠው ይያዙ፣ ጥግ ይዘው ይቁሙ።)

ፑሊውን ለመፈተሽ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ በባትሪ መብራት ይዩት። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል? ወደ ውጭ አብጧል? ቀለበቱ ከእምብርቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሸሽቷል? ከዚያ በቤት ያለ የጥፍር ቀለም ይውሰዱና ከእምብርቱ እስከ ቀለበቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ከሳምንት በኋላ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ከተለያየ ላስቲኩ ለቋል። ሞተሩ ሲሠራ ፑሊው ከተንገዋለለ ወይም ቺንጋው በየጊዜው ከጮኸም ያስፈትሹት። ያኔ እጅዎን፣ ነጠላዎንና የልጆችን ጣት ከአጠገቡ ያርቁ።

ቅየራው በደህና ጋራዥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ግን አጠገቡ ይቁሙ። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፣ ቺንጋዎቹ ይወጣሉ፤ አስፈላጊ ከሆነ የራዲያተሩ ማራገቢያም ይነሳል። የመሐሉ ቡሎን እጅግ ጥብቅ ነው። "ሞተሪኖውን ነክተን እናላቀው" የሚል ካለ ይከልክሉት፤ ቁልፉ ተስፈንጥሮ ሰው ይጎዳል። ፑሊው የሚወጣው እምብርቱ ላይ በሚታሰር ማውለቂያ ነው። በመዶሻ መደብደብ ወይም የውጩን ቀለበት መጎተት ላስቲኩን ይገነጥላል። ፑሊው እንደወጣ ከኋላው ያለውን ኦይል ሲል ያስቀይሩ። ዘይት ካሳለፈ አዲሱንም ላስቲክ ያበላሸዋል። አዲሱ ፑሊም ተስቦ እንጂ ተደብድቦ አይገባም፤ ቡሎኑ አምራቹ ባዘዘው ልክ፣ የማጥበቂያ ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃል።

ስለ ግዢው ደግሞ አንድ ምክር እነሆ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ፑሊ በርካሽ ሊያገኙ ይችላሉ። ብረቱ ደህና ቢመስልም ላስቲኩ በሙቀት፣ በዘይትና በዕድሜ ያረጃል። ስለዚህ አዲስ ይግዙ፤ የሞተሩን ዓይነትና የዕቃውን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ። አሮጌውንም ተቀብለው ወደ ቤት ይውሰዱት፤ ተመልሶ ለሌላ ቤተሰብ እንዳይሸጥ።

አባባ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መንገዱ ለሁለት ቀን ቢዘገይ በዓሉ አያልፍዎትም። ፑሊውን ያስቀይሩ፣ በከተማ ውስጥ ጥቂት ቀን ይንዱት፣ የቺንጋውን ውጥረት ዳግም ያሳዩ፤ ከዚያ ልጆቹን ይጫኑ።

መልካም ጉዞ። ለሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።