አንድ ድንጋይ ስንት ጊዜ ይከፈልበታል?

ባለፈው እሑድ ወረዳው አዳራሽ የተሰበሰብነው የሠፈር ሰዎች በሙሉ ድምፅ መስማማታችንን ያወቅሁት ማክሰኞ በሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። «ነዋሪው የልማቱ ባለቤት መሆኑን በማረጋገጥ፣ ለውስጥ ለውስጥ መንገድና ለእግረኛ መንገድ ማሻሻያ የሚጠበቅበትን ድርሻ ለመሸፈን በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ይላል። ክብ ማኅተም አርፎበታል። እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ነበርኩ። ድምፅ አልተሰጠም፤ እጅ አውጡ ያለንም የለም። የተጨበጨበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ጠፍቶ የቆየው መብራት ሲመጣ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ወደ ቁፋሮ ሊወስደን ነው» ማለታችሁ አይቀርም። ልክ ናችሁ፣ እወስዳችኋለሁ። አስቀድሜ ግን የስብሰባውን ልጨርስ።

መድረክ ላይ የወጣው መሐንዲስ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት ነው፣ እውነቱን ለመናገር ሥራውንም ያውቃል። የተወላገደው ኮብል ይነሣል፤ ሥሩ በሰሌክት ተሞልቶ በሮለር ይጠቀጠቃል፤ አሸዋ ይነጠፋል፤ ድንጋዩ ተመልሶ ይደረደራል፤ ግራና ቀኝ ከርብስቶን ይተከላል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ታይል የለበሰ የእግረኛ መንገድ ይሠራል። ሥዕሉንም በፕሮጀክተር አሳየን። የእናንተ ቅያስ ነው ተባልን እንጂ እኔስ አላወቅሁትም። ዛፍ አለበት፣ ብስክሌት የምትነዳ ልጅ አለችበት፣ ጭቃ የለበትም። ቀጥሎ ዋጋው መጣ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ይጨምራል። ከተማው ይህን ያህል፣ ነዋሪው ይህን ያህል ተባለና የነዋሪው ለየቤቱ ተካፍሎ ቀረበ።

አዳራሹ ለአፍታ ጭር አለ። ከዚያ ከኛ በላይ ካለው ቅያስ የሚኖሩ አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጄ፣ ይሄን ድንጋይ እኮ ያስነጠፍነው እኛ ነን» አሉት። ከቦርሳቸው ፌስታል አወጡ፤ ከፌስታሉ ውስጥ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ደረሰኝ። የካርቦን ቅጂ ነው። ድሮ ሮዝ ሳይሆን አይቀርም፣ አሁን የሻይ መልክ ይዟል፤ እጥፋቱ ላይ ስለተተረተረ በፕላስተር ተለጥፏል። «የኮብልስቶን መዋጮ» የሚለው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል።

«እማማ፣ እሱ የድሮው ፕሮጀክት ነው። ይሄኛው ማሻሻያ ነው» አለ መሐንዲሱ።

«ድንጋዩስ? እሱም አዲስ ነው?»

«ድንጋዩ እንኳን… አብዛኛው ያው ራሱ ይመለሳል።»

«እኮ!» ብለው ተቀመጡ።

እንደኔ እንደኔ ክርክሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ስብሰባው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ኮብል ሲገባ ልጅ ለነበራችሁ ትንሽ ልበል። ጥቁር ድንጋይ አሥር በአሥር እየተጠረበ መነጠፍ የጀመረው በጀርመኖቹ ጂቲዜድ አጋዥነት ነው፤ ከሚሌኒየሙ ወዲህ አዲስ አበባንም የክልል ከተሞችንም አዳረሰ። ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ጠረበ፣ አነጠፈ። ዲግሪ ይዘው መዶሻ ያነሡ ልጆች የቀልድ ማጣፈጫ ሆነው ከረሙ። እኔ በዚህ ቀልድ ስቄ አላውቅም። ሥራው ክቡር ነበር፤ ድንጋዩም የአገር ነው፤ ሬንጅ አይፈልግ፣ ዶላር አይፈልግ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይነሣል፣ ይመለሳል። አስፋልት ከቆረጥከው ጠባሳው አይጠፋም፤ ኮብል ግን ቧንቧ ለመቅበር ቢፈለግ በወጉ አንሥቶ፣ አፈሩን ጠቅጥቆ፣ መልሶ መደርደር ነው። ለእድሜ ልክ ይሆናል ተብሎ ነው ገንዘብ ያወጣነው። የነዋሪው ድርሻ ከቦታ ቦታ ቢለያይም እኛ ሠፈር ያላዋጣ ቤት አልነበረም። የባንክ ሒሳብ ተከፍቶ፣ ኮሚቴ ተመርጦ፣ የድሃ ድሃ የሚባሉትን እንኳ ጎረቤት ሸፍኖላቸው ነው የተሠራው።

ታዲያ ምን ነካው? ይኸው ቁፋሮው መጣ።

መጀመሪያ የውሃው መሥሪያ ቤት ቆፈረ። ድንጋዩ ተነቅሎ እኔ አጥር ሥር ተከመረ። ቧንቧው ሲቀበር አፈሩ እንደወረደ ተመለሰበት፤ የጠቀጠቀው የአላፊ አግዳሚው እግር ነው። የተከመረው ድንጋይ እስኪመለስ ድረስ ግማሹ ለልጆች የጎል ምሰሶ ሆነ፣ ገሚሱ ለሱቁ ደረጃ ዋለ፤ ሦስቱን አንዲት ጎረቤቴ ዘንድ የጠላ ጋን ተደግፎባቸው ዛሬም ታገኟቸዋላችሁ። የቀረው እንደነገሩ ተደረደረ። ክረምት ሲገባ ያ ቦታ እንደ ገበታ ጎደጎደ። ሲደርቅ የስልኩ መጣ፤ በሌላ ወገን ቆፈረ። የስልኩ ሲሄድ የመብራቱ ምሰሶ ሊተክል መጣ። በመካከሉ ደግሞ ፎቅ የሚሠራ ግለሰብ ፍሳሹን ሊያገናኝ በሌሊት ቆፍሮ ሲነጋ አፈር መልሶበት አገኘነው። የቅያሳችን ኮብል በድንጋይነቱ አላረጀም። አንዱም አልተሰበረም ማለት ይቻላል።

መንገድ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቆራጩም ማስመለሻ ይከፍላል፤ ሕጉ እንዲህ ነው። እሑድ ዕለት ይህን ያነሡት በሒሳብ ሹምነት ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጋሼ ሲናገሩ እንደ ባላንስ ሺት ነው፣ ቃል አይተርፋቸውም። «የቆፈሩት ሰዎች ማስመለሻውን ከፍለዋል ወይስ አልከፈሉም? ከከፈሉ እኛ የምንከፍለው ለምንድን ነው? ካልከፈሉ ማን ፈቀደላቸው?» አሉ። ሰብሳቢው ብዕሩን አነሣና «በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፤ ይያዝልን» አለ። እኔ በዕድሜዬ ሲያዝ ያየሁት አስተያየት ብዛቱ! የት እንደሚቀመጥ ባውቅ አንድ ቀን ሄጄ እጎበኘው ነበር።

ሌላው የተያዘልን ነገር ግብር ነው። የከተማ ቤት ግብር የሚባለው ከ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ጀምሮ አለ። ጣራና ግድግዳ የምንለው ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ተመኑ በ2015 ተከልሶ ምን ያህል እንደዘለለ የከፈላችሁ ታውቃላችሁ። ጥር 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ከተሞች መሠረተ ልማትና አገልግሎት የሚያቀርቡበት ገቢ ያስፈልጋቸዋል ነው ነገሩ። ተገቢ ነው፣ ቤት ያለው ይክፈል። ነዳጅ ላይም ከ1989 ጀምሮ ለመንገድ ፈንድ የሚቆረጥ አለ፤ ከፊሉ ለከተማ መንገድ ጥገና ይውላል፤ ታክሲ ስሳፈር ከሒሳቡ ላይ የኔም ድርሻ አለበት። እንግዲህ አስሉት። መዋጮ ከፍዬ መንገዱን አሠራለሁ። መንገዱ ሲያምር የቤቴ ግምት ይጨምራል። ግምቱ ሲጨምር ታክሱ ይጨምራል። ራሴ ከኪሴ ባስነጠፍኩት ድንጋይ ራሴ ላይ ግብር ተጨመረብኝ ማለት ነው። ይህን ስናገር «በነፃ የሚመጣ ልማት የለም፤ ዱባይን እዩ» ያለ ሰው ነበር። ዱባይ በር እያንኳኳ የሚዞር የመዋጮ ኮሚቴ የለም፤ በዚሁ ይበቃዋል።

ሰብሳቢው የሰጠን መልስ ግን ሳስበው ሰነበትኩ። «ዋናው መንገድ የሁሉም ስለሆነ ከተማው ይሠራዋል፤ የውስጥ ለውስጡ የናንተ ስለሆነ እናንተ ታግዛላችሁ» አለ። ለጆሮ ደስ ይላል። ኮሪደር ልማቱ በ2016 ሲጀመር ቢሊዮኖች የወጡት በዚህ ሒሳብ ነው። በነገራችን ላይ እኔ ኮሪደሩን ከሚያጣጥሉት አይደለሁም። ከአንድ ጽሑፌ በኋላ እንዲያ የመሰላችሁ ነበራችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ዓይኔን መሬት ላይ ሳልተክል መራመድ መቻሌ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ስንት ሰው እንደዋጠ የአዲስ አበባ እግረኛ ያውቀዋል። (ፒያሳ ሠፈሩ የነበሩትና ዛሬ ሩቅ የሚኖሩት ሰዎች ሒሳብ ሌላ ነው፤ እሱን ሌላ ቀን።) የማልቀበለው «የናንተ» የሚለውን ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲመጣና ዋናው ሲዘጋ የከተማው መኪና ሁሉ በየት ነው የሚያቋርጠው? ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ዕለትስ? በኛ ቅያስ ነው። ማታ ማታ አሸዋ ጭኖ እስከ አፍጢሙ የሞላ ሲኖትራክ ከታች ለሚሠራው ፎቅ የሚያልፈው በኛው ኮብል ላይ ነው። መኪና ሊያልፍበት ሲሆን የሕዝብ፣ ሊጠገን ሲሆን የነዋሪ።

ይልቅ ፕላኑን ላየ ሰው የሚያስቀው የእግረኛ መንገዱ ነው። የዋናው ጎዳና አምሳያ ነው፤ ታይል በታይል። ቅያሳችን ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ የሚመለስበት ነው። ግራና ቀኝ ታይል ተነጥፎ መንገዱ የቱ ላይ ሊቀር ነው? ነገ ደግሞ የማን መኪና እላዩ ላይ እንደሚቆም ከአሁኑ በስም መናገር እችላለሁ። እኛን የሚያስፈልገን ክዳን ያለው ዲች ነው። ውሃው መሄጃ ካገኘ ኮብሉ አይሰጥምም፣ እግረኛውም ግድግዳ ታክኮ አይዘልም። ይህን አንድ ወጣት ሲናገር መሐንዲሱ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። ተስማምቷል፤ ግን ፕላኑ ከላይ ነው የመጣው።

ስብሰባው ከጠበቅሁት ወጥቶ ወደ ሌላ የሄደው አንዲት ልጅ ከኋላ ስትናገር ነው። «እኔ ተከራይ ነኝ» አለች። «አከራዬ ድርሻውን እኛ ላይ አካፍሎታል። መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ ሠፈሩ አደገ ብሎ ኪራይ ይጨምራል። ከፍዬ ነው የምለቀው?» ሰብሳቢው በ2016 የወጣውን የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ጠቅሶ፣ እንደፈለጉ መጨመር እንደማይቻል አስረዳት። አዳራሹ ሳቀ። አከራዩም እዚያው ተቀምጦ አብሮ ሳቀ። ከሠፈሩ ግማሹ ተከራይ ሳይሆን አይቀርም፤ መዋጮው ግን በቤት ቁጥር ነው የሚመጣው፤ ስብሰባም የሚጠራው ባለቤቱ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር እንደሆነ የትራንስፖርት ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ያንን ኮብል ጠዋት ማታ የምትረግጠው ያቺ ልጅ ናት፤ ባለ መኪናው አከራይ ጎማው እንጂ እግሩ አይነካውም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን መጨረሻ ላይ «ኅብረተሰባችን የማዋጣት ባህሉ ደካማ ነው» መባሉ ነው። የኛ ኅብረተሰብ! ያ አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የዕድር አባል ነው። በየወሩ ይከፍላል፤ ቢያልፈው ተቀጥቶ ይከፍላል፤ ማንም በሩን አያንኳኳበትም። ለምን? የዕድራችን ፀሐፊ ሒሳብ ሲያነብ ሰምታችሁ ቢሆን አትጠይቁኝም ነበር። ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ የተሰበረ ብርጭቆ ይህን ያህል፣ ድንኳን ለተከሉ ልጆች ሻይ ይህን ያህል። አንዴ አንድ ብረት ድስት ጠፍቶ አጀንዳው ሦስት ስብሰባ ፈጀ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ድስቱን ሳናገኝ ዳኛ አንመርጥም» ብለው ድስቱ ከአንድ ለቅሶ ቤት ጓዳ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው መዋጮ አይወድም የሚባለው።

ባለፈው ኮብል ያዋጣነው ገንዘብ ሒሳቡ ተነቦልን አያውቅም። ኮሚቴው ተበተነ፤ ቀበሌው ወረዳ ሆነ፤ ሰነዱ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። የተረፈ ነበር? የጎደለ ነበር? እኔ ሌባ ነው የምለው ሰው የለም። ምናልባት እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ድንጋይ ላይ ውሎ ይሆናል። አልተነገረንም እንጂ።

ስለዚህ ለወረዳችን የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ያንን ማስታወቂያ አንሡና በቦታው ሒሳብ ለጥፉ፦ ያለፈው መዋጮ ስንት ገባ፣ በምን ላይ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ቅያሱን ማን ማን ቆፈረ፣ ማስመለሻ ስንት ከፈለ፣ ገንዘቡ የት ነው። ታይሉን ሰርዛችሁ ዲቹን ብቻ ያስገባችሁበት ዋጋም አብሮ ይውጣ። ይህ ከተሟላ እኔ ድርሻዬን በማግሥቱ ባንክ ገብቼ እከፍላለሁ፤ የማውቃቸው ጎረቤቶቼም ይከፍላሉ።

የሠፈሬ ሰዎች፣ ሌላ ስብሰባ ለመጪው እሑድ ተጠርቷል። የድሮው ደረሰኝ ቤታችሁ ያለ ፈልጋችሁ ይዛችሁት ኑ። ፎቶ ኮፒውን በራሴ ወጪ አስነሣለሁ።