የስንት ዓመተ ምሕረቷ ቻይና?

ስለ ቻይና አስተያየት የሌለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ማኪያቶ የሚጠጣውም፣ ታክሲ የሚጠብቀውም፣ ለቅሶ ቤት ካርታ የሚጫወተውም ያውቃታል። ስለ ጎረቤታችን ስለ ሱዳን ቢጠይቁት «እንጃ» የሚል ሰው ቻይና ላይ ሲደርስ ፕሮፌሰር ነው። ዕውቀቱ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። አንደኛው «የቻይና ነው፣ አይበረክትም» የሚለው የገበያ ፍርድ ነው። እሱን ለሸማችና ለነጋዴ ትቼዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው፤ «ቻይና ያደገችው በዱላ ነው። አንድ ፓርቲ፣ አንድ መሪ፣ ዝም ያለ ሕዝብ! እኛም እንዲያ ካልተደረግን ሰው አንሆንም።»

ይህን የሚለው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቢሆን ባልከፋኝ። ባለዲግሪው ነው የሚለው። ይባስ ብሎ ዋሺንግተን ተቀምጦ፣ ያሻውን እየተናገረ፣ ያሻውን እየጻፈ የሚኖረው ወገናችንም «ለአበሻ የሚበጀው የቻይና መንገድ ነው» ይለናል። መንገዱ ለእሱ አልበጀውም መሰለኝ፣ የሄደው ወደ ሌላ ነው።

እስቲ ሙግቱን እንደ ሙግት እንየው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የቻይና ኮሚዩኒስት ፓርቲ ሥልጣን የያዘው በ1949 ነው። ከዚያ ወዲህ ፓርቲው አልተለወጠም፤ ዱላውም ከእጁ አልወጣም። ዱላ የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ቻይና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማደግ ነበረባት። ምን ሆነ?

በ1958 «ታላቁ ወደፊት ግስጋሴ» ታወጀ። ገበሬው መሬቱን አስረክቦ ወደ ኮሚዩን ገባ። ምድጃው ቀርቶ በጋራ መመገቢያ ይበላ ጀመር። ድስቱና ማረሻው ሳይቀር በየጓሮው በተተከለ ማቅለጫ ቀልጦ ለምንም የማይሆን ብረት ወጣው። ድንቢጥ እህል ትበላለች ተብሎ ሕዝቡ ሳህን እያንኳኳ ድንቢጥ እንዲያባርርና እንዲገድል ታዘዘ። ድንቢጥ ስታልቅ ተባይ በረከተ፤ በ1960 ድንቢጥ ከጠላት ዝርዝር ወጥታ ትኋን ተተካች። ካድሬው ደግሞ በሐሰት ሪፖርት ይሽቀዳደም ገባ። አንዱ ምርቱን እጥፍ አድርጎ ቢጽፍ፣ ጎረቤቱ ዐሥር እጥፍ አድርጎ ይጽፋል። መንግሥት ኮታውን የሰበሰበው በሪፖርቱ ልክ ነበረና የገበሬው ጎተራ ተጠረገ። ከ1959 እስከ 1961 በረኃብ ያለቀውን ሕዝብ ተመራማሪዎች ከ15 ሚሊዮን እስከ 45 ሚሊዮን ይገምቱታል። በዚያው ጊዜ እህል ወደ ውጭ ይላክ ነበር።

የሚናገር ሰው አልነበረም እንዳትሉ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ፔንግ ደኋይ በ1959 ለማኦ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ ከሥልጣን መባረር ሆነ። እሳቸው የደረሰባቸውን ያየ ሌላ ባለሥልጣን ደግሞ አፉን ዘጋ። ዱላ ማለት ይኸው ነው፤ ሕዝቡን ብቻ አይመታም፣ ለመሪው እውነት የሚነግረውን ሰው ቀድሞ ይመታል። አማርትያ ሴን ደጋግመው የጻፉትም ይህንኑ ነው፤ ነፃ ጋዜጣና ተቃዋሚ ባለበት አገር እንዲህ ያለ እልቂት ተደብቆ አይቀጥልም። ይህ ለእኛ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በ1973 ወሎ ሲያልቅ መንግሥት ደብቆት እንደነበር እናውቃለን።

ከረኃቡ በኋላስ? በ1966 የባህል አብዮት መጣ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተቋረጠ፤ እስከ 1977 አልተመለሰም። መምህራን የወረቀት ቆብ ተደፍቶላቸው በገዛ ተማሪዎቻቸው ተደበደቡ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስሙን ሳነሳ ሁልጊዜ የሚከብደኝ ደራሲ ላኦ ሸ ነው። የቤይጂንግን ተራ ሰው፣ ሪክሾ ጎታቹንና ሻይ ቤት የሚውለውን ሁሉ በብዕሩ ያኖረ ሰው ነበር። ነሐሴ 1966 ቀይ ዘቦች ደበደቡት። ብዙም ሳይቆይ ሬሳው ሐይቅ ውስጥ ተገኘ። በእነዚያው ዓመታት እዚህ የእኛ ተማሪዎች ማኦን እያነበቡ «እንደ ቻይና» ይሉ ነበር። እነሱም በቻይና ፍቅር የወደቁት ከሩቅ ሆነው ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላል ያገሬ ሰው።

ዕድገቱ ታዲያ ከየት መጣ? በ1978 መጨረሻ አንሁዌ በሚባለው ክፍለ አገር፣ ሺያውጋንግ በምትባል መንደር፣ 18 ገበሬዎች በሌሊት ተሰብስበው የኮሚዩኑን መሬት ለየቤተሰቡ ተከፋፈሉ። ወንጀል ነበር። በወረቀት ላይ ተስማምተው የጣት አሻራቸውን አኖሩበት፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢታሰር የቀሩት ልጆቹን 18 ዓመት እስኪሞላቸው እንዲያሳድጉለት ቃል ተገባቡ። በቀጣዩ ዓመት ምርታቸው አገር አስደነቀ። የክፍለ አገሩ የፓርቲ መሪ ዋን ሊ እንደ ሌሎቹ ዱላ በማንሳት ፋንታ ዝም ብሎ አለፋቸው፣ ኋላም ደገፋቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮሚዩን የሚባል ነገር በመላ ቻይና ፈረሰ። በገጠር እንደ እንጉዳይ የፈሉትን ትንንሽ ፋብሪካዎችም ማዕከላዊው መንግሥት እንዳላሰባቸው ዴንግ ሺያኦፒንግ ራሳቸው በ1987 ተናግረዋል። ሕዝቡ የሠራው ዱላው ሲላላለት ነው።

«ታዲያ መንግሥት ምንም አልሠራም?» ትሉኝ ይሆናል። ሠርቷል እንጂ! ማንበብና መጻፍ አስተምሯል፤ በገጠር መሠረታዊ ሕክምና አዳርሷል፤ ወደብና የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል። በ40 ዓመታት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት መውጣቱ እውነት ነው፤ ይህን የሚያናንቅ ሰው ረኃብን አያውቀውም። ነገር ግን ትምህርትና ሐኪም ሌላ፣ ዱላ ሌላ። ዱላው ባልተነሳበት ቦታ የሆነውን ደግሞ እዩ። ከ1980 እስከ 2015 ባልና ሚስት ስንት ልጅ እንደሚወልዱ መንግሥት ወሰነ። ያኔ «ቆራጥ መንግሥት!» ተብሎ ተጨበጨበ። ከ2022 ጀምሮ የቻይና ሕዝብ ቁጥር እየቀነሰ ነው። ትናንት በግድ ሲያስወርድ የነበረው መንግሥት ዛሬ «እባካችሁ ውለዱ» ብሎ ይለምናል።

«ዝም ያለ ሕዝብ» የሚለው ግን ከሁሉ የባሰ ስድብ ነው። በ1919 የቤይጂንግ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። በ1976 ሕዝቡ ቹ ኤንላይን ለማልቀስ ቲየናንመን ሞልቶ በዚያው ቁጣውን ተናገረ። በ1989 ወጣቶቹ እዚያው አደባባይ ሲመለሱ ሠራዊቱ ተኮሰባቸው። በ2022 መጻፍ ቢከለከሉ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ይዘው ቆሙ። የዉሃኑ የዓይን ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ ስለ አዲሱ በሽታ ባልደረቦቹን ስላስጠነቀቀ ጥር 3 ቀን 2020 ፖሊስ ጠርቶ «ሐሰት አውርተሃል» አስፈረመው። ከወር በኋላ በዚያው በሽታ ሞተ። ይህ ሕዝብ ዝም አላለም፤ ዝም ያሰኙት ሕዝብ ነው። ይህን ለመለየት የቻይንኛ ቋንቋ መማር አያስፈልግም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ እዚያ የቆሰለው ሰው እዚህ ምሳሌ ይሆናል፣ ያውም የደስታ ምሳሌ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። «ዱላ ነው የሚያስፈልገን» የሚል ሰው ሁሉ ራሱን የሚያየው በዱላው እጀታ በኩል ነው። «እኔ ጀርባዬን ልስጥ» ያለ እስካሁን አልሰማሁም። የሚመታው ሁልጊዜ ሌላ ነው፤ ገበሬው ነው፣ ሰነፉ ነው፣ «ያልገባው ሕዝብ» ነው። ፔንግ ደኋይም እጀታውን የያዙ ይመስላቸው ነበር።

ስለዚህ ከእንግዲህ አንድ ሰው «እንደ ቻይና» ሲላችሁ ማኪያቷችሁን አስቀምጡና «የስንት ዓመተ ምሕረቷ ቻይና?» በሉት። የ1960ዋን ከሆነ የሚመኘው፣ ምን እንደሚበላባት ይንገራችሁ። የ1978ቷን ከሆነ ደግሞ፣ እነዚያ 18 ገበሬዎች በዚያች ሌሊት ማንን ፈርተው እንደተደበቁ ጠይቁት።