የጾም ጫማ

ቆዳ የሌለበትን ጫማ ጓደኞቻችን «የጾም ጫማ» እያሉ ይቀልዱብናል። ይቀልዱ! ለእንስሳት አዝነን ቆዳ ብንተው የሚቀርልን ቶሎ የሚሰነጠቅ ፕላስቲክ ብቻ ነው መባሉን ግን አንቀበልም። በረባሶስ? ሶሉም ማሰሪያውም ያረጀ የመኪና ጎማ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያቋቋመችው ሶልሬብልስ የጎማውን ሶል ከእጅ ሽመና ጥጥ ጋር አዋህዶ እስከ ውጭ አገር ሸጧል። (ቆዳ ያለበትም ሞዴል ስላለው እያያችሁ!) ሸራ ነው ብሎ ዘሎ መግዛትም አያዋጣም፤ ገበሩ ቆዳ፣ ማስቲሹ ከአጥንት የወጣ ሊሆን ይችላልና ሻጩን እንጠይቅ። የሰፊውንም የእጅ ዋጋ እንጠይቅ፤ ለበሬ አዝነን ሰውን ልንረሳ ነው እንዴ? «መምህር በበረባሶ ክፍል ይገባል ወይ?» የሚሉን ደግሞ የተማሪዎቻችን እግር ምን እንደተጫማ ዝቅ ብለው ይዩ። የማይስማማ በዚሁ ሰሌዳ ይጻፍልን።